ሜዳውም ያው፣ ፈረሱም ያው

ደብረ ወርቅ ተወልዶ የአሜሪካን የመኪና ውድድር የሚወድ ሰው «ምን ነካው?» መባሉ አይቀርም። የአርሰናል ደጋፊ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሩጫ ቢወድ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ያምርበታል። አርባ መኪና በአንድ ሞላላ መንገድ ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ወደ ግራ ሲዞር ሦስት አራት ሰዓት ተቀምጦ ማየት ግን፣ ያውም ከጎጃም፣ ከእናርጅ እናውጋ ለወጣ ሰው፣ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ነገሩ ከአሜሪካ አይጀምርም። ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ከሚገባው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ሜዳዎች ይጀምራል። ጥር ሲገባ፣ እህሉ ከአውድማ ተነስቶ፣ ሠርጉ ተደራርቦ፣ ታቦታቱ ለጥምቀት ሲወጡ፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ ምድሩ ለሰኮና ሲመች፣ ያ ሜዳ የጉግስ ነው። እኔ ውድድርን ያወቅሁት ከመኪና በፊት እዚያ ነው። የመኪናውንም ውድድር ኋላ የወደድኩት ጉግስን በሚያይ ዓይን ስላየሁት ይመስለኛል።

ሰው ውድድር የሚወደው ፍጥነት ስለሚያስደስተው ነው ይባላል። ለእኔ ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፍጥነት ብቻውን ቢበቃ ኖሮ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ቆመን እናጨበጭብ ነበር። ልብ የሚሰቀለው ሜዳ ላይ የሚሮጠው ነገር ተመልካቹ ከደጁ የሚያውቀው ሲሆን ነው። ትናንት እህል ጭኖ ገበያ የወረደ፣ ከትናንት በስቲያ ለቅሶ የደረሰ ፈረስ ዛሬ ሲጋልብ፣ የሚያየው ገበሬ ሁሉ «የእኔውም እኮ ይችላል» ይላል። ደጋፊ የሚፈጠረው ከዚች ሐሳብ ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ መጀመሪያ ያሰለፉት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን መኪና ነበር። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጉግሱን በደንብ እንየው።

ጉግስ ከሩቅ ለሚያየው ግርግር ነው። ቀረብ ሲሉ ሕግ አለው። ፈረሰኞቹ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል። አባራሪው ብረት የሌለው ቀጭን ዘንግ ይዟል። በሽምጥ እየጋለበ ይጠጋና ይወረውራል፤ ሸሺው ደግሞ በቆዳ ጋሻ ይመክታል፣ ወይም ጎንበስ ብሎ ያሳልፋል፣ ወይም ጎበዝ ከሆነ ወደ ፈረሱ ጎን ተንሸራቶ ከኮርቻው በላይ ምንም እንዳይታይ ያደርጋል። ከሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ይዞራሉ፤ ያባረረው ይሸሻል፣ የሸሸውም ያባርራል። ጨዋታው ዱሮ ለጦርነት ማሠልጠኛ እንደነበር ለማወቅ ታሪክ ማንበብ አያስፈልግም። ዘንጉን በጦር መተካት ብቻ ነው።

ዕቃውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ጨዋታውን ይበልጥ ይረዳዋል። የባላገር እርካብ ጠባብ ቀለበት ነው፤ ፈረሰኛው ጫማውን አውልቆ አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባበታል። ከተሜ ሲያየው ድህነት ይመስለዋል። ነገር ግን ፈረሰኛው ቢወድቅ እግሩ ተይዞ አይጎተትም፤ ወደ ጎን መንሸራተት ሲፈልግም ጣቱ ወዲያው ይወጣል። ልጓማችን ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ የሚይዝ ቀለበት ያለበት ነው። በዚህ ልጓም በሽምጥ የሚሄድ ፈረስ ባለበት ቀጥ ይላል። ፈረሱ አፉ ይጎዳል፤ ይህን አልደብቅም፤ እጀ ከባድ ጋላቢ የፈረሱን አፍ ደም በደም አድርጎ ሲመለስ አይቻለሁ፣ ሽማግሌዎችም በነገር ሲወጉት ሰምቻለሁ። የጥሩ ፈረሰኛ ምልክቱ ልጓሙን እንደሌለ አድርጎ መያዙ ነው፤ ጋሻውም ልጓሙም ያሉት በአንድ እጅ ነውና ከዚያ በላይ ለመጎተት ፋታ የለውም።

ጉግስ የነጥብ ሰሌዳ የለውም። ዋንጫም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ማን አሸነፈ የሚለውን የሚወስነው ዙሪያውን የቆመው ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ አንድ ሐሳብ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ጨዋታው ሜዳ ላይ አያልቅም። ማታ በጠላው ዙሪያ እንደገና ይጀመራል። የዚህ ሰፈር ሰው «ዘንጉ ጋሻውን ነው ያገኘው» ይላል፤ የዚያኛው «ጀርባውን ነው እንጂ፣ ዓይን የለህም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ዓይነት ክርክር ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ያየ ሰው፣ የአሜሪካ ደጋፊዎች ከአርባ ዓመት በፊት በነበረ ግጭት እስከ ዛሬ ሲጨቃጨቁ ቢሰማ አይደንቀውም።

ጉግስ የደጋ ጨዋታ ነው። ምክንያቱ ባህል ብቻ አይደለም። ከእናርጅ እናውጋ ደጋ ተነስቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ፈረሱ እየቀነሰ በቅሎና አህያው እየበዛ ሲሄድ ያያል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ቫይረስ የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት፤ እሷም ሙቀትና እርጥበት ትወዳለች። በሽታው ሲገባ በሳንባው የተያዘ ፈረስ በቀናት ውስጥ ያልቃል፤ አህያ ግን ብዙም አትታመምበትም። ለዚህ ነው ቆለኛው ፈረስ ላይ ሀብቱን የማያስረው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ብዙ ፈረስ ካላቸው አገሮች ከፊተኞቹ ናት፤ ብዛቱ ግን ያለው ከፍታው ላይ ነው።

ከምሥራቅ ጎጃም ወደ ምዕራብ ቢሻገሩ ደግሞ አዊ ይገኛል፤ ስለ ፈረስ የሚጽፍ ሰው አዊን ዘሎ ማለፍ አይችልም። በሌላው አገር ሞፈርና ቀንበር የበሬ ነው። በአዊ ፈረስ ያርሳል። ጋሪ ይጎትታል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ቀብር ይሸኛል። ያንኑ ፈረስ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ብታዩት አታውቁትም፦ ከግንባሩ እስከ ደረቱ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ዘርፍ ተሸልሞ፣ ኮርቻው በግላስ ተሸፍኖ፣ ጋላቢው ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ይመጣል። በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ገና ከአገር ሳይወጣ፣ እንደተመሠረተ ይነገራል፤ መነሻውም በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች መዘከር ነው። ቀኑ 23 የሆነውም ያለ ነገር አይደለም። የዓድዋ ድል የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበርና፤ ጊዮርጊስም በሥዕሉ ሁሉ ፈረስ ላይ ነው። ዛሬ አባላቱ ከ60 ሺህ በላይ ናቸው ይባላል። ማኅበሩ የዕድርና የሽምግልና ሥራም አለው፦ አባል ሲሞት ፈረሰኛው ተሰልፎ ይቀብራል፣ የተጣላን ያስታርቃል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለጥር 23 የሚያሰለፈው ፈረስ ለውድድር ብቻ ተለይቶ የተቀለበ አይደለም። በሰኔ ቀንበር የተሸከመው ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ጎጃሜን ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ የዚያ ውድድር አባት አረቄ መሆኑ ነው።

በሰሜን ካሮላይናና በቨርጂኒያ ተራሮች የሚኖሩ ድሃ ገበሬዎች በቆሎአቸውን አረቄ አድርገው ያወጡ ነበር። በቆሎ በጆንያ ሲሸጥ ረከሰ፣ በጠርሙስ ሲሸጥ ተወደደ፤ ሒሳቡ ለእኛም አገር እናቶች አዲስ አይደለም። ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. መጠጥ በመላ አገሪቱ ታገደ፤ እገዳው ከተነሳም በኋላ ቀረጥ ያልከፈለ አረቄ ወንጀል ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አረቄው በሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በተራራ ጥምዝምዝ መንገድ ይጓዛል፤ የቀረጥ ፖሊስም ከኋላ ይከተላል። አመላላሾቹ ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም ሰው መኪና የሆነ ፎርድ ይገዙና ሞተሩን ያጎለብቱታል። ከኋላ ደግሞ ጠንካራ ባሌስትራ ያስገቡለታል፤ አረቄ የጫነ መኪና ኋላው ከወረደ ፖሊስ ከሩቅ ያውቅበታላ! እሑድ እሑድ እነዚሁ ሹፌሮች የማን መኪና እንደሚበልጥ ለማየት እርሻ ላይ መንገድ አውጥተው ይሽቀዳደሙ ጀመር። ተመልካች መጣ። ተመልካች ሲመጣ ትኬት የሚቆርጥ መጣ፤ ከትኬት ቆራጮቹም አንዳንዱ የሽልማቱን ገንዘብ ይዞ የሚጠፋ ነበር።

ይህን ዝርክርክ ሥርዓት ያስያዘው ቢል ፍራንስ የሚባል፣ ፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች ላይ መካኒክና ነዳጅ ማደያ የነበረው ሰው ነው። በታኅሣሥ 1947 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ባለመኪናዎቹንና አዘጋጆቹን ሰበሰበ፤ በየካቲት 1948 ናስካር የሚባለው የውድድር ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። የፍራንስ ትልቁ ብልሃት ግን የመጣው በተከታዩ ዓመት ነው። ጦርነቱ አልቆ ሰው አዲስ መኪና ለመግዛት ወረፋ የያዘበት ጊዜ ነበርና፣ ሕዝቡ ከሱቅ የሚገዛውን መኪና ምንም ሳይነኩ ማወዳደር ነው ያለው።

ሰኔ 19 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ሻርሎት ከተማ አጠገብ፣ አፈር መንገድ ላይ የተደረገው የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ውድድር የዚህን ምዕራፍ ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ይዟል። ጂም ሮፐር የሚባለው ተወዳዳሪ ሊንከኑን ከካንሳስ ድረስ፣ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እየነዳ መጥቶ በዚያው መኪና ተወዳደረ። ሊ ፔቲ የሚባል ሌላው ደግሞ ከወዳጁ ቢዩክ ተዋሰ፤ መሐል ላይ ገለበጠው። አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጁ ሪቻርድ ቆሞ ያያል። የተዋሱትን መኪና ሰብሮ ቤት መግባት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ፣ የጎረቤት በሬ ገደል የሰደደ ገበሬ ይንገራችሁ።

አንደኛ የወጣው ግሌን ደናዌይ ነበር፤ የነዳውም የ1947 ፎርድ። ውድድሩ ሲያልቅ መርማሪው መኪናው ሥር ገብቶ የኋላውን ባሌስትራ አየ፤ የአረቄ ባሌስትራ ነው! መኪናው በሳምንቱ መሐል ሥራ ላይ ነበር ይባላል። ድሉ ተሰርዞ ለሮፐር ተሰጠ። የፎርዱ ባለቤት አሥር ሺህ ዶላር ይከፈለኝ ብሎ ናስካርን ከሰሰ፤ ዳኛው ክሱን ዘጋው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ «ሕጉን የሚያወጣው ናስካር ነው» የሚለው ነገር ጸና።

እኔ በደናዌይ አዝናለሁ። ያ መኪና ከሁሉም ይልቅ «የቤት» መኪና ነበር፤ ባለቤቱ እንጀራ የሚበላበት። የተሰረዘው በሐቅ ሥራውን ስለሠራ ነው ማለት ይቻላል። አዘጋጆቹ ግን ሌላ ምን ያድርጉ? ያንን ካሳለፉ በሚቀጥለው እሑድ የሚመጣው ሁሉ የአረቄ ጫኝ መኪና ነው፣ ከሱቅ የገዛው ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከአረቄ አመላላሾቹ ሁሉ ዝናው የናኘው ጁኒየር ጆንሰን ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. የያዙት መንገድ ላይ አይደለም፤ መንገድ ላይ ማን ይደርስበታል? በአባቱ አረቄ ማውጫ ላይ እሳት ሲያነድ ነው የያዙት። አሥራ አንድ ወር ታስሮ ወጣና ወደ ውድድሩ ተመለሰ፤ ሃምሳ ጊዜ አሸነፈ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ይቅርታ አደረጉለት። በኢትዮጵያ ልማድ ሸፍቶ ገብቶ ሹመት እንዳገኘ ሰው ማለት ነው፤ ያንን ታሪክ ለማጣጣም ጎጃሜ መሆን ይረዳል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፈረሱና ስለ መኪናው ነው። ደጋፊ ግን የሚጮኸው ስም ነው፤ ስሙም ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል።

በእኛ አገር ጀግና ስሙን ከፈረሱ ይወስዳል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ናቸው። ወደ እኛ ቀዬ ስንመጣ የብቸና ሰው «አባ ኮስትር» ሲል ሌላ ማብራሪያ አይጨምርም፤ በላይ ዘለቀ ነው። በላይ አምስቱን ዓመት ጣሊያንን ከእነዚህ ሜዳዎችና ገደሎች ሲያስጨንቅ ኖሮ፣ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። እሱ ሞተ፣ ፈረሱም ሞተ፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በፉከራ ይጠራል። የራስ መኮንን የፈረስ ስም ከዚህም ርቆ ሄዷል። ፈረሱ ቃኘው ይባል ነበር፤ ጌታው አባ ቃኘው ተባሉ፤ ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ኮሪያ የዘመተው ሠራዊት ቃኘው ሻለቃ ተባለ። ከሐረር በረት የወጣ ስም ኮሪያ ተራራ ላይ ተጠራ።

አሜሪካ ውስጥ የፈረስ ስምን ሥራ የሚሠራው ቁጥር ነው። የዚያች የሻርሎት ሜዳ ልጅ፣ ሪቻርድ ፔቲ፣ አድጎ 200 ውድድር አሸነፈ፤ ሰባት ጊዜም ሻምፒዮን ሆነ። ደጋፊው «ፔቲ» ከማለት ይልቅ «43» ይላል፤ ሰማያዊውን 43። ዴል ኧርንሃርት ደግሞ ጥቁሩ 3 ነው፤ እሱም ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን። ከፊቱ ያለውን መኪና ገፍቶ የሚያልፍ፣ ግማሹ ሰው እንደ ነፍሱ የሚወደው ግማሹ አምርሮ የሚጠላው ሰው ነበር። የካቲት 18 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በዴይቶና ውድድር የመጨረሻ ዙር፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ከግድግዳው ተጋጭቶ ሞተ። በዚያ ዓመት በተደረጉት ውድድሮች ሦስተኛው ዙር ሲደርስ ሕዝቡ ቆሞ ሦስት ጣቱን ያነሳ ነበር፤ የቴሌቪዥን ተናጋሪዎቹም ያንን ዙር ዝም ይሉ ነበር። እሱን ይጠሉት የነበሩትም አብረው አነሱ። ይህን ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ባለቤቱ የሞተበትን ፈረስ ኮርቻውን ጭነው፣ ጋሻውን አንግበው ለቀብር ሲያወጡት፣ የደመኛም ዓይን ያለቅሳል።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳስበው የኖርኩትም ይህንኑ ነው። በእኛ ስሙ ከፈረስ ወደ ሰው ያልፍና ከሰውየው ጋር ይቀራል። አባ ኮስትር አንድ ነው፤ ሌላ ሰው ተነስቶ «እኔ ነኝ» ቢል ይሳቅበታል። በእነሱ ቁጥሩ የሰውየው ሆኖ አያውቅም። የናስካር ንብረት ነው፤ ለቡድን ባለቤት ያከራየዋል፤ ሹፌሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። የኧርንሃርት ቡድን ባለቤት ሪቻርድ ቻይልድረስ 3ን በትልቁ ውድድር ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ማንም እንዳይነዳው አስቀመጠው። በ2014 ግን ለልጅ ልጁ ለኦስቲን ዲለን አወጣለት። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። «መቃብሩ መከፈት የለበትም» የሚል ነበር፤ «ቁጥር ተኝቶ ምን ይሠራል?» የሚልም ነበር። ዲለን በ2018 በዚያው ቁጥር፣ በዚያው ዴይቶና አሸነፈ። እኔ በጎጃሜነቴ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

በእነሱ ዘንድ ዳኝነቱ የሕዝብ ባለመሆኑ የሚበላሽ ነገርም አለ። ዌንደል ስኮት ከዳንቪል፣ ቨርጂኒያ፣ ጥቁር ታክሲ ነጂና መካኒክ ነበር፤ አረቄም ያመላልስ ነበር። የውድድር አዘጋጆች ተመልካች ለመሳብ ጥቁር ሹፌር ፈልገው ፖሊሶችን «ጎበዝ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ፖሊሶቹ ሲያሳድዱት የኖሩትን ሰው ጠቆሙ ይባላል። ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት የለም። ታኅሣሥ 1 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ላይ ስኮት በሁለት ዙር ቀድሞ ገባ። ባንዲራው ግን ለእሱ አልወረደም፤ ዋንጫው ለነጩ ለባክ ቤከር ተሰጠ። ሕዝቡ ወደየቤቱ ከተበተነ ከሰዓታት በኋላ «የቆጠራ ስሕተት ነበር» ተብሎ ድሉ ለስኮት ተመዘገበ፤ ገንዘቡ ተከፈለው፤ ዋንጫው ግን የለም። ስኮት በ1990 ሞተ። ናስካር ዋንጫ ለቤተሰቡ የሰጠው በ2021 ነው፤ በዚያው ዓመት ባባ ዋላስ ታላዴጋ በሚባለው ሜዳ ላይ አሸንፎ በትልቁ ውድድር ከስኮት ቀጥሎ ሁለተኛው ጥቁር ባለድል ሆነ። በመካከላቸው ሃምሳ ስምንት ዓመት አለ። ጉግስ የነጥብ ሰሌዳ የለውም ብዬ ከላይ ሳወራ እንደ ጉድለት የቆጠረው አንባቢ ካለ፣ ሰሌዳ ያለበትም ቦታ ሰሌዳውን የሚጽፈው ሰው እንደሆነ ያስብበት።

ዛሬስ? ዛሬ የናስካር መኪና ከሱቅ የሚገዛ አይደለም። በሩ አይከፈትም፤ ሹፌሩ የሚገባው በመስኮት ነው። የፊት መብራቱ ተለጣፊ ሥዕል ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ አብዛኛውን ዕቃ ቡድኖቹ ሁሉ ከተመሳሳይ አቅራቢዎች ይገዛሉ። የተረፈው የፊቱ መልክና የፋብሪካው ስም ነው፤ ደጋፊው ግን አሁንም «ፎርድ ነኝ»፣ «ሼቭሮሌ ነኝ» ብሎ ይሟገታል። ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1987 ቢል ኤሊየት ታላዴጋ ላይ በሰዓት 342 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ በዚያው ቦታ በዚያው ሰሞን የቦቢ አሊሰን መኪና ተነስቶ የተመልካቹን አጥር ቀደደ። በቀጣዩ ዓመት የሞተሩን ትንፋሽ የሚያጠብ ሰሌዳ ተደነገገ። ከኧርንሃርት ሞት በኋላም አንገትን የሚይዝ መታጠቂያ ግዴታ ሆነ፣ ግድግዳዎቹም ግጭት የሚያለዝቡ ተደረጉ። ሰው እንዳይሞት ሲባል መኪናው ከቤት መኪና ራቀ። በዚህ የሚከራከር ደጋፊ ካለ ልቡን ይመርምር።

የእኛም ፈረስ ከቤት እየራቀ ነው፤ የእሱ ምክንያት ግን ደኅንነት አይደለም። ገበያ የሚወስደው ባጃጅ ሆኗል፤ የግጦሽ ሜዳው ታርሷል፤ ፈረስ ለመቀለብ የሚተርፍ ገብስ ያለው ገበሬ ቀንሷል። እንጅባራ ላይ በዓሉ እየደመቀ፣ ካሜራው እየበዛ፣ የክብር እንግዳው እየተደረደረ ነው፤ ያ መልካም ነው፣ ወጣቱ እንዲጋልብ ያደርገዋል። ነገር ግን ፈረስ በዓመት አንድ ቀን ለመሸለም ብቻ የሚቀለብበት ጊዜ ከመጣ፣ በተለጣፊ መብራት የሚሮጠው መኪና እኛም ጋ ደረሰ ማለት ነው። አዊ ገና አልደረሰበትም፤ እዚያ ፈረሱ ያርሳል።

ለአዲስ ተመልካች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለቱንም ጨዋታ ለማየት ይረዳል። ዴይቶና በ1959 እ.ኤ.አ. ሲከፈት አራት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው፣ መታጠፊያው 31 ዲግሪ ያዘነበለ መንገድ ነበር፤ ሰው ሁሉ ፈጣኑ መኪና ያሸንፋል አለ። በመጀመሪያው ውድድር ሁለት መኪኖች እኩል ገብተው አሸናፊው ሊ ፔቲ መሆኑ የታወቀው ፎቶግራፍና ፊልም ሲመረመር ሦስት ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። አዎን፣ ያ ቢዩክ የገለበጠው። በ1960 ደግሞ ጁኒየር ጆንሰን ከሌሎቹ የሚያንስ ሼቭሮሌ ይዞ መጣ። ልምምድ ላይ አንድ ፈጣን ፖንቲያክ ሲያልፈው ከኋላው ተለጠፈ፤ ከፊት ያለው አየሩን ስለሚከፍትለት የእሱም መኪና እኩል መሮጥ ቻለች። በዚህ ዘዴ ውድድሩን አሸነፈ። ስለዚህ ዴይቶናን ስታዩ መሪውን ተዉት፤ ሁለተኛውን እዩ። ምን ያህል ተጠግቷል፣ መቼ ይወጣል፣ ሦስተኛው አብሮት ይወጣል ወይስ ትቶት ይቀራል፤ ውድድሩ እዚያ ነው።

በጉግስም አዲስ ሰው የሚያየው ዘንግ ወርዋሪውን ነው፤ ክንዱ ከፍ ስለሚል ዓይን ይስባል። አጎቴ ፈረስ አዋቂ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ አንገቴን ይዞ ፊቴን ያዞር ነበር። «አንተ ልጅ፣ መወርወርማ እረኛም ይወረውራል። ሸሺውን እይ፤ ሳያይ እንዴት እንደሚያውቅ እይ» ይለኛል። ሸሺው ጀርባው ላይ ዓይን የለውም፤ የሚያውቀው በሰኮናው ድምፅና በፈረሱ ጆሮ ነው። የፈረሱ ሁለት ጆሮ ወደ ኋላ ሲታጠፍ አባራሪው ደርሷል፤ አንደኛው ብቻ ሲዞር በዚያ ጎን እየመጣ ነው። ጋሻው ቀድሞ ወደዚያ ካልሄደ ዘንጉ ጀርባውን አግኝቶታል፤ ቀድሞ ከሄደ ደግሞ ሴቶቹ እልል የሚሉት ለሸሸው ነው።